እሳት የጎደለው ሰው

ካዛንቺስ ውስጥ ፎቶ ኮፒ የሚያነሳ ቤት ሞልቷል። የማሚት ቤት ግን ለየት ይላል። ሰው መታወቂያውን ይዞ ይገባል፣ «አንድ ቅጂ ነበር» ይላል፣ ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አይወጣም። ማሽኑ ተበላሽቶ እንዳይመስላችሁ። ሰውየው ከመጋረጃው ጀርባ ቁጭ ብሎ ኮከቡን እያስቆጠረ ነው።

ማሚት «ጠንቋይ» የሚላትን ሰው ዓይኑን ማየት አትፈልግም። አንድ ቀን አንዲት የጽዋ ማኅበር ጓደኛዋ ይህችን ቃል አምልጣት ብትናገር፣ «ጠንቋይ ገብስማ ዶሮ አምጡ ይላል፤ እኔ ማንን ዶሮ አምጣ አልኩ?» ብላ ሰፈሩን በጩኸት አናወጠችው፤ ሴትየዋም ከዚያ ወዲህ በሌላ መንገድ ነው የምታልፈው። ማሚት ምላሷ እንዲህ ነው። ደንበኛ ይፈራታል፣ ደላላ ይፈራታል፣ ወረቀት የሚነክሰው ማሽን ራሱ እሷ ስትሰድበው ነው የሚሠራው።

ሙያውን ያገኘችው ለገሃር ነው። በልጅነቷ በአንድ ግሪካዊ የትራንዚት ቢሮ ውስጥ ታይፒስት ሆና ስትሠራ፣ የሰውየው ሚስት ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲቀዘቅዝ የሠራተኛውን ሁሉ ኮከብ ታነብ ነበር። እነዚያ ሰዎች አገር ለቀው የሄዱ ጊዜ ሌላው ሠራተኛ ወንበርና ካዝና ሲሻማ፣ ማሚት የማዳምን የኮከቦች ሰንጠረዥ ብቻ በጉያዋ ይዛ ወጣች። ሐመል፣ ሠውር፣ አሰድ የሚለውን የእኛን አጠራር ደግሞ ከአንድ ሽማግሌ ደብተራ ለቃቅማ ጨመረችበት። ሁለቱን አዋሕዳ የራሷን ነገር ፈጠረች።

አሠራሩ ቀላል ነው። የሻይ ሳህን ወረቀት ላይ ትደፋና በእስክሪብቶ ዙሪያውን ታዞራለች። ክቡን አሥራ ሁለት ቦታ ትከፍለዋለች። ሰውየው በተወለደበት ዕለት ፀሐይ የት ነበረች፣ ጨረቃስ፣ ሌሎቹስ እያለች በየቤታቸው ትሰድራቸዋለች። ቤቶቹ የእሳት፣ የመሬት፣ የነፋስና የውሃ ናቸውና ቆጠራው እዚህ ላይ ይጀመራል፤ እሳት ስንት፣ መሬት ስንት፣ እያለ ይሄዳል። የበዛውን በቀይ ታከብበዋለች፤ የጎደለውን በሰማያዊ። ደንበኛው ከፈለገ ላሚኔት አድርጋ ትሰጠዋለች።

እንግዲህ ቆጠራውንማ ማንም ይቆጥራል። ሙያው ያለው ፍቺው ላይ ነው፤ የማሚትም ተንኮል እዚያው ነው ያለው።

«የበዛ ነገር ምንም አያስቸግርም» ትላለች። «በቃ፣ የሰውየው ጠባይ ነው፣ ይታያል። የሚያስቸግረው የጎደለው ነው። ሰው የጎደለው ነገር ያሳፍረዋል፤ ስለዚህ እንዳለው ለማስመሰል ያበዛዋል።» ምሳሌ አታጣም። ጋራዥ ያለው ደጋጋ በክቡ ውስጥ ጠብታ ውሃ የለም፤ ሰው ቢሞት ቢድን ግድ የለውም፤ ለቅሶ ቤት ግን ከሟች እናት በላይ ደረቱን የሚደቃው እሱ ነው። የጨርቅ ነጋዴዋ ኩልሱም ደግሞ ቅንጣት መሬት የላትም፣ ልቧ ተረጋግቶ አያውቅም፤ ስለዚህ ሱቋ ላይ ጓጉንቸር፣ መሳቢያው ላይ ጓጉንቸር፣ ጓጉንቸር የምታስቀምጥበት ሣጥን ላይ ሌላ ጓጉንቸር።

«ታዲያ እኮ የበዛውም የጎደለውም ያው አንድ ሊመስል ነው፤ በምን ይለያል?» ብሎ የሚጠይቅ ልባም ሰው አንዳንዴ ይመጣል። ማሚት መነጽሯን አውልቃ «እሱን ለመለየት እኔ አለሁ አይደል?» ትላለች። አያችሁ? በዚህ ሕግ ማንኛውንም ሰው እንደፈለገች ልታነበው ትችላለች። ለብዙ ጊዜ ያላደረገችው ጨዋ ሆና ነው።

ጨዋነቷን ያስጣላት ሰው ፀሃዬ ይባላል።

ፀሃዬ የአዲግራት ልጅ ነው። ዕድሜውን ለገሃር ባቡር ጣቢያ ሠርቶ ጡረታ የወጣ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ስድሳን ተሻግሮ ኮቱን ሳይተኩስ ከቤት የማይወጣ ሰው። በየቀኑ አሥር ሰዓት ግድም ከማሚት ሱቅ ማዶ ያለው ኬክ ቤት ይመጣል፤ ማሚትም ሱቋን ለተላላኪዋ ትታ ትሻገራለች። አስተናጋጁ ሳይጠየቅ ሁለት ማኪያቶ ያመጣል፤ የእሱን ጠቆር፣ የእሷን ነጣ አድርጎ።

«እንዴት ዋሉ፣ ወይዘሮ ማሚት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ፣ አቶ ፀሃዬ?»

ከዚያ ስለ ድሬዳዋ ሙቀት፣ ስለ ባቡሩ፣ ስለ ሰው ያወጋታል። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ጆሮዋን ካላስጠጋች አይሰማትም። ማኪያቶው ያልቃል፣ «እንግዲህ ነገ ያገናኘን» ይላል፣ ይሄዳል። ዓመታት እንዲህ አለፉ። እጇን ነክቶ አያውቅም። ያልተገባ ቃል አይወጣው፣ የተገባም ቃል አይወጣው።

ማሚት ደግሞ ወደደችው፤ ምን ይደበቃል። ባሏን በወጣትነቷ ፈትታ፣ «ወንድ በቃኝ» ብላ ስትኖር የነበረች ሴት፣ አሥር ሰዓት ሲቃረብ መስታወት ፊት መቆም ጀመረች። «ዛሬ ይናገር ይሆን?» ትላለች፤ አይናገርም። «ምናልባት ነገ»፤ ነገም የለም። ሊያንገበግባት ጀምሮ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን በጨዋታ መሃል «እኔ እኮ የቁልቢ ገብርኤል ዕለት ነው የተወለድኩት» አላት። ዓመተ ምሕረቱን ቀድማ ታውቀዋለች። ማኪያቶዋን ሳትጨርስ «እንግዳ አለብኝ» ብላ ሮጣ ተሻገረች፣ መጋረጃውን ዘጋች፣ ሳህኑን ደፋች። መሬት ብቻውን ስድስት። ነፋስ አለ፣ ውሃም ትንሽ አለ። እሳት ባዶ!

ያን ቀን ማሚት ብቻዋን ሳቀች። እሳት ማለት መጀመር ነው፣ መድፈር ነው፣ አፍ አውጥቶ «ላግባሽ» ማለት ነው። ሰውየው ጠልቷት አይደለም ለካ፤ ዕቃው የለውም! ምስኪን፣ ከየት ያምጣው? በራሷ ሕግ እሳት የጎደለው ሰው እንዳለው ለማስመሰል መጮህ ነበረበት፣ ፀሃዬ ደግሞ ጮሆ አያውቅም፤ ግን ማንም ስላልጠየቃት እሷም ራሷን አልጠየቀችም። ይልቅስ ዘዴ አወጣች። እሳት የሌለውን ሰው የምትጮህ ሴት ታስደነግጠዋለች ብላ፣ ኬክ ቤቱ በር ላይ ስትደርስ ድምፅዋን ቀንሳ መግባት ጀመረች። ማሽኑን «አንተ የሰይጣን ቁራጭ!» ብላ የወጣች ሴት ማዶ ስትደርስ እንደ መነኩሲት ታንሾካሽካለች። በየዓመቱም ታኅሣሥ ገብርኤል ሲመጣ «ዛሬ የእኔ ግብዣ ነው» ትለዋለች፣ ለምን እንደሆነ ግን አትነግረውም።

እንዲህ እያሉ ሚሊኒየሙ ሊገባ ጥቂት ወራት ቀሩት። ሰው ሁሉ አዲሱ ሺህ ዓመት ሳይገባ ቤት ልቀይር፣ ልዳር፣ ልኳል የሚልበት ጊዜ ነበር፤ የማሚት መጋረጃ ከመከፈትና ከመዘጋት አላረፈም። አንድ ጠዋት መርሃዊት ገባች።

መርሃዊት የፀሃዬ ታናሽ እህት ናት። የማሚት የልብ ወዳጅ፤ ወሬ የምትወድ፣ ልቧ ንጹሕ፣ ዓይኗ ግን አጠገቧ ያለውን የማያይ ሴት። እጇ ላይ ጉርድ ፎቶግራፍ ይዛለች።

«ማሚትዬ፣ ዘግተሽ አስተናግጅኝ፤ ትልቅ ጉዳይ ነው» አለችና ተቀመጠች። «ፀሃዬን ልድረው ነው።»

የማሚት እጅ እስክሪብቶው ላይ ቀረ። «ለማን?»

«ለጦቢያ። ባምቢስ ጋ የፍራሽ ሱቅ ያላት፣ ታውቂያታለሽ። ባሏ የሞተባት።»

ማን ነው ጦቢያን የማያውቅ? ሻጮቿን ስትቆጣ ኡራኤል ድረስ የምትሰማ ሴት ናት። ወገቧ የሞላ፣ ፊቷ የፈካ፣ ሳቋ ደግሞ መስኮት የሚያንቀጠቅጥ።

«እሱስ ምን አለ?» አለች ማሚት።

«እስቲ ልየው አለ። እሱ እኮ እስቲ ልየው ካለ አለቀ ማለት ነው። እሁድ ወደ ወንድሞቿ ሽማግሌ ልልክ ነው፤ ሽማግሌዎቹንም ነግሬያለሁ። ብቻ ኮከባቸውን አስተያይተሽ ልቤን አሳርፊልኝ። የእሷ ልደት ከፎቶው ጀርባ አለልሽ፤ የእሱን ታውቂው የለ፣ የገብርኤል ዕለት ነው።»

«አውቃለሁ» አለች ማሚት።

ሳህኑን ደፋች። ዓይኗ ፎቶው ላይ ስለነበር ክቡ እንቁላል መሰለ። የጦቢያን ኮከቦች አንድ በአንድ ሰደረቻቸው። እሳት፣ እሳት፣ አሁንም እሳት! ሴትየዋ ማገዶ ናት። ከፀሃዬ ክብ ጎን ስታስቀምጠው እሱ ባዶ የሆነበት ቦታ ሁሉ እሷ ሞልታበታለች። በማንኛውም ሐቀኛ ቆጣሪ ዘንድ ይህ «እልል» የሚያሰኝ ነው። እሱ የጎደለውን እሷ ታመጣለታለች፤ የእሷን ትርፍ የእሱ መሬት ይችለዋል። ማዳም ብትሆን ኖሮ ሁለቱን ወረቀት አነባብራ ትስማቸው ነበር።

ማሚት ግን ማዳም አይደለችም። እሁድ ሽማግሌ ከሄደ አሥር ሰዓት የሚባል ነገር ከሕይወቷ ይጠፋል። ወንበሩ ባዶ ይሆናል። አስተናጋጁ አንድ ማኪያቶ ብቻ ይዞ ይመጣል።

«መርሃዊት እህቴ» አለች፣ መነጽሯን አውልቃ፤ «ይህ ነገር ይቅር።»

«እዋይ! ምነው?»

«እይ። ወንድምሽ እሳት የለውም፤ ባዶ። እሷ ደግሞ እሳት ብቻ ናት።»

«ታዲያ ጥሩ አይደል? የሌለውን…»

«ቆይ! እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። እሳት ለሌለው ሰው እሳት በአንዴ ስታሸክሚው ምን ይሆናል? ያለውን መሬት ታደርቅበታለች። ሦስት ወር አይቆይም፣ ይደርቃል።»

«ይሞታል?»

«ይሞታል አልወጣኝም። ይደርቃል ነው ያልኩት።»

«ይደርቃል ማለት?»

«መርሃዊት፣ ትልቅ ሴት ነሽ። ሁሉን ነገር በዝርዝር እንድነግርሽ አትጠብቂ።»

መርሃዊት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ትከሻዋ በሳቅ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ወንድሟ ትዝ ሲላት አዘነች። «ወይኔ ፀሃዬ! ታዲያ ምን ዓይነት ሴት ትሁነው?»

ማሚት የጠበቀችው ጥያቄ መጣ። ጉሮሮዋን ጠረገች። «እሳቷ መጠነኛ የሆነች፤ ወጥ የምታሞቅ እንጂ ቤት የማታቃጥል። ዕድሜዋ ገፋ ያለ። ጠይም፣ ቀጠን ያለች። የራሷ ሥራ ያላት፤ የወረቀት ሥራ ነገር ቢሆን ጥሩ ነው። ጠባዩን ቀድማ የምታውቅ። ሩቅ ሰፈር መሄድ አያስፈልግም፤ ኮከቡ እዚሁ አካባቢ ይላል።»

መርሃዊት ጣሪያ ጣሪያውን አየች። አሰበች። የካዛንቺስን ሴት ሁሉ በልቧ ስትዞር ቆየችና ራሷን ነቀነቀች።

«እንዲህ ያለች ሴትማ የለችም። ብትኖር እኔ ሳላውቃት እቀራለሁ?»

ማሚት እስክሪብቶዋን ልትነክሰው ምንም አልቀራት። ወይ ዕውርነት! ከዚህ በላይስ ምን ትበል፣ የራሷን መታወቂያ ኮፒ አንስታ ትስጣት?

«ለማንኛውም» አለች መርሃዊት ፎቶውን ወደ ቦርሳዋ እየመለሰች፣ «እንዳልሽው አድርጌ ለራሱ እነግረዋለሁ። ማሚት እሳት የለህም ብላሃለች፣ ጦቢያ ታደርቅሃለች እለዋለሁ። ይምረጥ።»

«ኧረ እንዳትነግሪው! ስለ ገብርኤል!»

«ምነው? የራሱ ኮከብ አይደል?» አለችና ወጣች።

በማግስቱ ማሚት ልትሻገር አልፈለገችም። ታምሜያለሁ ልትልም አስባ ነበር። ግን እግሯ ሰዓቱን ያውቃልና አሥር ሰዓት ላይ በሩ ጋ አደረሳት። ፀሃዬ ቀድሟት ተቀምጧል። ኬክ ቤቱ ጢም ብሏል፤ የቢሮ ሰው፣ ሻንጣ የያዘ ነጋዴ፣ ሚሪንዳ የሚጠጡ ኮረዶች።

«እንዴት ዋሉ፣ አቶ ፀሃዬ?» አለች፣ ከሹክሹክታም ባነሰ ድምፅ።

«እሳት የለውም ብለዋል አሉ።»

«እኔ ሳልሆን… ማለቴ… ክቡ ነው ያለው።»

ፀሃዬ አንድ ጊዜ አያትና ሳቀ። እንዲህ ሲስቅ ሰምታው አታውቅም። ሳቁ ከደረቱ ሥር ወጥቶ የኬክ መደርደሪያውን መስታወት አንጫጫው። አስተናጋጁ ዞሮ አየ።

«ጣቢያ ሳለሁ ምን ብለው እንደሚጠሩኝ ነግሬዎት አላውቅም?»

«አልነገሩኝም።»

«ፊሽካው ነበር የሚሉኝ። ፀሃዬ ከጮኸ ባቡሩ መጮህ አያስፈልገውም ይሉ ነበር። እሳት የለውም! ይህን መርሃዊት ስትነግረኝ እስክታመም ነው የሳቅኩት። ለመሆኑ በየትኛው ገብርኤል ነው ያሰሉት?»

«በቁልቢ ነዋ። በታኅሣሡ።»

«ቁልቢ እኮ ሁለት ጊዜ ነው የሚነግሠው። እኔ የሐምሌው ነኝ። እናቴ በክረምት ዝናብ፣ ጭቃ ላይ ነው የወለደችኝ።» ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለውና ዓይኑን አጠበበ። «ቆይ፣ ቆይ። በየታኅሣሡ የሚጋብዙኝ ለዚህ ነበር እንዴ? እኔ ደግሞ ስእለት ያለብዎት መስሎኝ ምን ይሆን የተሳሉት እያልኩ ስጨነቅ ነው የኖርኩት።»

ማሚት ቦርሳዋን ከፈተች። ሰንጠረዡ ከቦርሳዋ አይለይም፤ አወጣችው። የኬክ መጠቅለያ ወረቀት ለመነች፣ የማኪያቶውን ሳህን ደፋች። ፀሐይ፣ በአሰድ፤ እሳት። ከአጠገቡ ሌላ፤ እሳት። ማዶ ደግሞ በሐመል፤ እሳት። ቀዩ እስክሪብቶ ማክበብ ደከመው። የጎደለውን ለመቁጠር እንኳ አልደረሰችም፤ ልቧ ቀድሞ ወደቀ።

እንግዲህ አስቡት። ስንት ዓመት ሙሉ «የለውም እኮ፣ ምን ያድርግ» እያለች ራሷን ያባበለችበት ነገር ይኸው ሞልቶ ተትረፍርፏል። ሰውየው እሳት አለው፤ ኖሮት ለእሷ ሳይሆን ቀረ። ከዚህ በላይ ምን ውርደት አለ? እንባዋ መጣ። ማኪያቶውን ጎንጨት ብላ «ትኩስ ነው» ብላ አሳበበች።

«ታዲያ» አለች፣ ወረቀቱን እያየች፤ «ይህን ሁሉ ይዘው እኔ ዘንድ ሲመጡ ምነው እንዲህ ቀዘቀዙ?»

ፀሃዬ ማኪያቶውን ገፋ አደረገ። ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ። ሲናገር ያ የምታውቀው ዝቅተኛ ድምፁ ተመለሰ።

«ባለቤቴን፣ ነፍሷን ይማርና፣ እጄን አንስቼባት አላውቅም። ድምፄን ግን አልቻልኩትም። ጨው አነሰ ብዬ ስጮህ ጎረቤት ለግልገላ ይመጣ ነበር። እሷ ግን አትመልስልኝም። ዝም ብላ ተነስታ ጓዳ ትገባለች። ከሞተች በኋላ ቤቱ ጭር ሲል ነው ያ ዝምታዋ ምን እንደነበር የገባኝ። ፈርታኝ ነው የኖረችው፣ ወይዘሮ ማሚት። ይህ ያንገበግበኛል።»

ማሚት እጇን ጠረጴዛው ላይ አንሸራተተች፣ ግን አላደረሰችውም።

«እርስዎም እንደሷው ዝምተኛ ነዎት» ሲል ቀጠለ። «ክፉ ቃል ከአፍዎ ወጥቶ ሰምቼ አላውቅም። ስለዚህ እዚህ ስመጣ ድምፄን በር ላይ ትቼ ነው የምገባው። ለማኪያቶ ጊዜ ይቻላል። አንድ ቤት ብንገባ ግን ከጠዋት እስከ ማታ እችለዋለሁ? አልችልም። አንድ ቀን ያመልጠኛል፣ እርስዎም ተነስተው ጓዳ ይገባሉ። ያንን ሁለተኛ ከማይ ሞቴን እመርጣለሁ። ጦቢያ እንደሁ እንደኔው ናት። ስጮህባት ትጮህብኛለች። አላሳዝናትም።»

ማሚት ይህን ሰማች። መጀመሪያ ልቧ ቀለጠ፤ ወዶኝ ኖሯል ለካ! ቀጥሎ ነገሩ ገባት። ዝምተኛ? ማን ናት ዝምተኛ? እሱ እንዳይደነግጥ ብላ እሷ ድምፅዋን ዋጠች፤ እሷ እንዳትፈራ ብሎ እሱ ድምፁን ዋጠ፤ ይኸው ሁለት ጯሂዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲንሾካሾኩ ዕድሜያቸውን ፈጁት። አሁን ደግሞ በዚህ ጨዋነቷ ምክንያት፣ በሌላት ጨዋነት ምክንያት፣ ለፍራሽ ነጋዴ ልታስረክበው ነው! ደሟ ከእግሯ ተነስቶ ጭንቅላቷ ላይ ወጣ።

«አንተ!»

የኬክ ቤቱ ሰው ሁሉ ዞረ። ሚሪንዳ የሚጠጡት ኮረዶች ገለባውን አፋቸው ውስጥ ረሱት።

«አንተ ሰውዬ! እኔ ነኝ ዝምተኛ? እኔ? ሂድና ሰፈሩን ጠይቅ! ማሽኑን ጠይቅ! ስንት ዓመት ሙሉ አንተን ለመስማት ጆሮዬን እያስጠጋሁ አንገቴ ተጣሞ ቀረ እኮ! አይደነግጥብኝ ብዬ ነው የተለሳለስኩልህ! ጓዳ የምገባ ይመስልሃል? ጮኸህብኝ እኔ ጓዳ? ሳህኑን ነው ጭንቅላትህ ላይ የምደፋልህ!»

ፀሃዬ ወንበሩ ላይ ቀጥ አለ። ከስንት ዓመት «እርስዎ» በኋላ «አንተ» የተባለ ሰው ነውና ያ ቃል መጀመሪያ ጆሮው ውስጥ፣ ከዚያ ሌላ ቦታ ሲገባ በፊቱ ላይ ይታይ ነበር። ቀስ ብሎ ቀላ። ደረቱ ተነፋ። ፊሽካው ሊነፋ ነው።

«አንቺ!» አለ፤ የስኳር ዕቃው ተንቀጠቀጠ። «አንቺ ሴትዮ! እኔ እዚህ ለመንሾካሾክ ስል ጉሮሮዬ ተልጦ ሐኪም ቤት ስመላለስ፣ አንቺ እሳት የለውም እያልሽ ታስወሪብኛለሽ? ያውም ለእህቴ? ይደርቃል ብለሽ?»

«ሐምሌና ታኅሣሥን ለይተህ ብትነግረኝስ?»

«ብትጠይቂኝስ? አፍ የለሽም?»

«አንተስ? የአንተን አፍ ለማን ስታስቀምጠው ነው? ለጦቢያ?»

«ጦቢያን ተያት! ጦቢያ ምን አደረገችሽ!»

«ይኸው ደግሞ ተቆረቆረላት!»

ፀሃዬ ተነሳ፤ ማሚትም ተነሳች። ሁለቱም ጣታቸውን ቀስረዋል። ሁለቱም፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ፊታቸው በርቷል። አስተናጋጁ ማንን እንደሚገላግል ግራ ገብቶት ትሪውን ደረቱ ላይ አቅፎ ቆመ።

መርሃዊት የደረሰችው ይህን ጊዜ ነው። ለእሁድ የሚሆን ሸሚዝ ልታስለካው፣ ደምበል የገበያ ሕንፃ ይዛው ልትሄድ ተቀጣጥረው ኖሯል። በሩ ላይ ቆማ ወንድሟን አየች፣ ማሚትን አየች፣ እንደገና ወንድሟን አየች። እንዲህ ሲጮህ ስትሰማው ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የመጀመሪያው ነው። እንዲህ ፊቱ በርቶ ስታየውም እንዲሁ።

«እዋይ!» አለች፣ በሁለት እጇ ጉንጯን ይዛ። «ጠይም… ቀጠን ያለች… የወረቀት ሥራ… ወይ የእኔ ነገር!»

ማንም አልሰማትም። ፀሃዬ ስለ ታኅሣሥ እየጮኸ ነው፣ ማሚት ስለ ሐምሌ። መርሃዊት በወንበሮቹ መሃል ተሹለክልካ መሃላቸው ገባች።

«ኧረ ቀስ በሉ፣ ሰው እያየ ነው! ፀሃዬ፣ ሽማግሌዎቹ እኮ ልብሳቸውን አስተኩሰው እየጠበቁ ነው። እሁድ ወዴት ልላካቸው እንግዲህ?»

«ወደዚች ጯሂ ቤት ላኪያቸው!» አለ ፀሃዬ፣ ጣቱን ከማሚት አፍንጫ ሳያነሳ።

«ማንን ነው ጯሂ የምትለው?» ብላ ጮኸች ማሚት።